ወረቀት የሌለው ድንጋይ

ሎቪና ቦርስት ድንጋዩን ያየችው ሣጥኑ በሁለቱም ቁልፎች ከተቆለፈ፣ የአልቶን ፒካፕም ድልድዩን ተሻግሮ ከዓይን ከተሰወረ በኋላ ነው። በረንዳውን ልትጠርግ ወጥታ ነበር። ከመጨረሻው ምሰሶ ሥር፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ የወንዝ ድንጋይ ብቻውን ቁጭ ብሏል። ከሥሩ ምንም የለም። በቦርስት ቤት ደግሞ በዚያች ቀን፣ በዚያ በረንዳ ላይ፣ ወረቀት ያልተጫነ ድንጋይ ኖሮ አያውቅም።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ዙሪያዋን ተመለከተች።

የስኮሃሪ ሸለቆ እርጥብ አገር ነው። ወንዙ በጸደይ ይሞላል፣ በበጋ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ያለብሳል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳ ኮት ሻጋታ ሳያበቅል ዓመት አይደፍንም። ስለዚህ ቦርስቶች የቤተሰቡን ወረቀት በዓመት አንድ ቀን፣ ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ድርቆሽ ታጭዶ ሲያበቃ፣ ከሣጥኑ አውጥተው ያናፍሳሉ። በረንዳው ላይ አንሶላ ይነጠፋል፣ ወረቀቱ አንድ በአንድ ይዘረጋል፣ ነፋስ እንዳይወስደው በየአንዳንዱ ላይ ድንጋይ ይቀመጥበታል። ነገሩ የተጀመረው ሸለቆው በጦርነት በተቃጠለ ጊዜ ነው ይላሉ። የመጀመሪያዋ እናት ማርግሬታ ወረቀቱን ዱቄት በርሜል ውስጥ ከትታ ወንዝ ዳር ቀበረችው። እሳቱ በርዶ ስትመለስ በርሜሉ ውኃ አስገብቶ አገኘችው፤ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘርግታ፣ በየወረቀቱ ላይ ከወንዙ ያነሳችውን ድንጋይ ጭና አደረቀችው። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ወረቀት አንድ ድንጋይ ነው።

ቤተሰቡ ውስጥ ልጅ ሲወለድ ወፍና አበባ የተሣለበት የልደት ወረቀት ይጻፍለታል፣ ድንጋይም ከወንዙ ይመጣለታል። ድንጋዩ ከልጁ ይቀድማል። ከወንዝ የወጣ ድንጋይ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ለሳምንታት ውኃ ሲያወጣ ይቆያል፤ እንደዚያ ሆኖ ወረቀት ላይ ቢቀመጥ ወረቀቱን ያበላሻል። ስለዚህ ያረገዘች ሴት ባል ድንጋዩን አስቀድሞ አምጥቶ ምድጃው ኋላ ያስቀምጠዋል። ያየ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። አንዴ ከደረቀ በኋላ ግን ድንጋዩ የማንም አይደለም፤ ከሌሎቹ ጋር ቅርጫት ውስጥ ይገባና ይቀላቀላል። ስም ያላቸው ወረቀቶቹ ናቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት የሎቪና ልጅ ዊልማ አርግዛ ድንጋዩ ምድጃው ኋላ ተቀምጦ ነበር። አንድ ጠዋት ሎቪና አመድ ልታወጣ ስትጎነበስ የድንጋዩ ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘችው። የዊልማ ባል ፍሎይድ ማታውን ወደ ወንዙ መልሶት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሎቪና ልጇን የምታናግራት እንቁላል በእቅፏ እንደያዘች ሴት ተጠንቅቃ ነው።

ዛሬ ደግሞ ወረቀቱን ከበረንዳው እንድታነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዊልማ ተሰጥቷት ነበር። ወጉ፣ እያንዳንዱ ወረቀት ስሙ ተጠርቶ ወደ ሣጥኑ እንዲገባ ነው። ዊልማ ገና ሁለቱን ጠርታ ሳትጨርስ ከጎተራው በስተጀርባ፣ ከኮረብታው ላይ፣ ጥቁር ደመና ብቅ አለ። መጀመሪያ ያየችው ሎቪና ነበረች፤ ደመናን ሁልጊዜም መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት። “ዝናብ መጣ፣ አንሱት፣ አንሱት” አለች። ሁሉም ተረባርበው አነሱ። ስም የጠራ የለም። የታች ቤቱ ዘመዷ አልቶን ቁልፉን አዞረ፣ ሎቪና የራሷን አዞረች፣ ባሏ ሜይናርድ ድንጋዮቹን በቅርጫት ሰብስቦ ወደ ጣሪያ ሥር ክፍል አወጣ፤ አልቶንም ላሞቹን አልቦ ለእራት ሊመለስ ሄደ። ደመናው ሰውን ሁሉ ካተራመሰ በኋላ ጥቂት ጠብታ ጥሎ በላያቸው አለፈ።

እና አሁን ድንጋዩ።

ሎቪና ጎንበስ ብላ አነሳችው። ከሥሩ ያለው ጣውላ ጠቁሯል። የዝናቡ ነው አለች በልቧ፣ ድንጋዩንም ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ሣጥኑ የሁለት ወንድማማቾች ጠብ ያሠራው ነው። አንዱ ቁልፍ በላይ ቤት፣ አንዱ በታች ቤት ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። ሣጥኑ የሚቀመጠው በላይ ቤት ነው፤ የሚቆየውም ወረቀት እስካልጠፋ ድረስ ብቻ ነው። ወረቀት ያጠፋ ቤት ሣጥኑን ለሌላው ያስረክባል። ይህን ያላለ አያት፣ ይህን ያልሰማ የልጅ ልጅ የለም። ታች ቤት ደግሞ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ወንዙ አንድ ጸደይ የአልቶንን ዶሮ ቤት ከነዶሮዎቹ ወስዶበታል። ከዚያ ወዲህ አልቶን ቤቱን በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ ከፍ አድርጎታል፤ ያየውን ሰው ሁሉም ምሰሶውን በመዳፉ እንዲመታው ይጋብዛል። ሎቪና መትታው ታውቃለች። ያሰበችውን ግን አልነገረችውም፤ ያሰበችው የወንዙን ልክ የሚያውቀው ወንዙ ብቻ ነው የሚል ነበር።

ሜይናርድን ላሞቹ ጋ አገኘችው።

“አንድ ወረቀት ጠፍቷል” አለችው።

“ማን አለ?”

ድንጋዩን አውጥታ አሳየችው።

ሜይናርድ ድንጋዩን አየ፣ እሷን አየ። “ድንጋይ እንዲህ ወሬኛ መሆኑን አላውቅም ነበር።”

“አትቀልድ። አንተ ስትሰበስብ እንዴት ቀረ?”

“የት ነበር?”

“ከመጨረሻው ምሰሶ ሥር።”

“እዚያማ አልሄድኩም። ጥግ ስለሆነ አላየሁትም።”

“በቃ። አንተ ድንጋዩን ካላየህ ዊልማም ወረቀቱን አላየችም ማለት ነው። ነፋሱ ወስዶታል።”

“ነፋስ ከድንጋይ ሥር መዝዞ ወሰደው?”

“አንዱ በጥድፊያ ረግጦት ድንጋዩ ተንሸራቶ ይሆናል። እኔ ምን አውቄ።”

ሜይናርድ ባልዲውን አስቀመጠ። “ታዲያ ምን ችግር አለው? ማታ አልቶን ሲመጣ ንገሪውና ይከፈት።”

“ከጎደለ ሣጥኑን ይዞ ይወርዳል። በሚቀጥለው ጎርፍ የመጀመሪያው አባት የዮስት የመሬት ወረቀት ወደ ሞሃክ ወንዝ ይገባል። ከሞሃክ ሃድሰን። ከሃድሰን ባሕር።”

“እስከዚያ ካደረስሽው መርከብም ፈልጊለት” አለና ወደ ላሟ ጎን ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ግን ጀርባውን እንደሰጣት፣ “ካልነገርሽውስ?” አላት።

ካልነገረችው እስከሚቀጥለው ሰኔ ማንም አያውቅም። እስከዚያ ያለውን አንድ ዓመት ግን በዚያ ቤት ውስጥ ዓይኗን ሳትከድን ልታድር ነው።

ፍለጋ ወጣች። የአበባውን ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ፈተሸች። የድንች ማሳውን ጠርዝ ተከትላ እስከ አጥሩ ወረደች፣ ከአጥሩ ወዲያ ወንዙ እየተገማሸረ ሲሄድ ቆማ አየች። አንዲት ዶሮ ነጭ ነገር በአፏ ይዛ ስትሮጥ አየቻትና በዚያ ዕድሜዋ ግቢውን ሁለቴ አዞረቻት፤ ዶሮዋ የጥቅል ጎመን ቅጠል ነበር የያዘችው። በመጨረሻም በሆዷ ተስባ ከበረንዳው ሥር ገባች። እዚያም ከሸረሪት ድርና ከአሮጌ የፈረስ ጫማ በቀር ያገኘችው የለም። ሽርጧ ኪሱ አካባቢ ጭኗ ላይ ቀዝቀዝ ብሏት ነበር። በዚያ ድንጋጤዋ ልብ አላለችውም።

ከራሷ በላይ የእግር ኮቴ ሰማች። በጣውላዎቹ መሐል አሻቅባ አየች። ዊልማ ናት። እስከ መጨረሻው ምሰሶ ሄደች፣ ቆመች፣ ጎንበስ አለች፣ አግዳሚ ወንበሩን ገፋ አድርጋ ሥሩን አየች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

ሎቪና ከሥር ተስባ ወጣች።

“እማ! እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?”

“ዶሮዋ እንቁላል ጥላ እንደሆነ ብዬ።”

“አገኘሽ?”

“ምንም። አንቺስ? የጠፋሽ ነገር አለ?”

“የለም” አለች ዊልማ። ቶሎ ነው ያለችው። ከእናቷ ፀጉር ላይ ድሩን አነሳችላትና ወደ ውስጥ ገባች።

ሎቪና የልጇን ፊት ገና አፍ ሳትፈታ ጀምሮ ታነበዋለች። አውቃለች፣ አለች ሎቪና በልቧ። ወረቀት እንደጠፋት አውቃለች፣ ጨንቋታል፣ ለእኔም ልትነግረኝ አልቻለችም። እዚያው በረንዳው ላይ እንደቆመች የምታደርገውን ወሰነች። ጠባቂዋ እሷ ናት። ደመና መጣ ብላ የጮኸችውም እሷ ናት። ወረቀቱ የጠፋው በእሷ እጅ ነው፤ በዊልማ ላይ ማንም ቃል አይወረውርም።

ይህን ብትወስንም ሌላ ሐሳብ በጎን ገባ። አልቶን በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ ነበር። ለምን? ሰው ሰኔ ላይ፣ ድርቆሽ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ኮት ምን ያደርግለታል? ኮት ኪስ አለው።

አልቶንና ሚስቱ ኦፓል ለእራት ሲመጡ ፀሐይዋ ገና ኮረብታው ላይ ነበረች። አልቶን ኮቱን እንደለበሰ ነው።

“ደመናሽ የት ደረሰች?” አለ ገና ከበሩ።

“አልፋለች።”

“አሁን አልባኒ ደርሳ እዚያ ያለችውን ሎቪና እያስጮኸች ይሆናል። እናንተ የላይ ቤት ሰዎች እኮ ዝናብ ስታዩ ላሟን ሰገነት ላይ ልታወጡ ምንም አይቀራችሁም።”

“እናንተ የታች ቤት ሰዎች ደግሞ ዶሮዎቻችሁ ዋና እስኪማሩ ትጠብቃላችሁ” አለችው። “ኮትህን ስጠኝ፣ ይሙቅሃል።”

“ኮቴን ምን አስጨነቀሽ?”

“ስጣት” አለች ኦፓል። “አዲስ ነው፣ ሰው ሁሉ አይቶልኝ ካልሆነ አላወልቅም ብሎ ነው። ሲያልብም ለብሶት ነበር፣ ላሞቹ አይተውለታል።”

አልቶን አወለቀና ሰጣት። ሎቪና ወደ መግቢያው ወስዳ ሰቀለችው። ዙሪያዋን አየች። ማንም የለም። እጇን ወደ ውስጠኛው ኪስ ሰደደች፤ መሐረብ። በግራ በኩል ደግሞ የከብት መድኃኒት ጠርሙስ። ቀኙ ላይ ደረቅ ነገር ነካች፣ ወረቀት ነው፤ መዝዛ አወጣችው። በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ ነበር።

“ሌላም አለ፣ ከሥር” አለ አልቶን። በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ሎቪና እጇን ከኮቱ ሳታወጣ ዘወር አለች።

“ምን ጠፋሽ፣ ሎቪና?”

ብዙ መልስ መጣላት። አቧራ እያራገፍኩ ነው። የተበጠሰ ቁልፍ አይቼ ነው። አንዱም ግን ከአፏ አልወጣም። በሕይወቷ ብዙ ነገር ፈርታለች፤ መዋሸት ግን አታውቅበትም፤ ስለ እንቁላሉ የዋሸችው እንኳ እስካሁን ደረቷ ላይ ቁጭ ብሏል።

“ና ተቀመጥ” አለችው። “ሁላችሁም ባላችሁበት እናገራለሁ።”

ጠረጴዛው ላይ የተጨሰው የአሳማ ሥጋ ተቆርጦ፣ የኮመጠጠው ጥቅል ጎመን በሳህን ቀርቦ፣ የእንጆሪው ፓይ መስኮቱ ላይ እየበረደ ነበር። ሎቪና አልተቀመጠችም። ድንጋዩን ከኪሷ አውጥታ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ፣ ከቅቤው አጠገብ አስቀመጠችው።

“ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ በረንዳው ላይ ያገኘሁት ነው” አለች። “ከሥሩ ወረቀት አልነበረም።”

ፍሎይድ ያነሳውን ሹካ ቀስ ብሎ መለሰው።

“እማ —” አለች ዊልማ።

“አንቺ ዝም በይ። ይሄ የእኔ ነገር ነው።”

“እማ፣ ስሚኝ እስቲ፣ ድንጋዩ እኮ —”

“ዝም በይ አልኩሽ፣ የኔ ልጅ። ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ስም ሳይጠራ አንሱት ያልኩት እኔ ነኝ። ወረቀት ከጎደለ ያጎደልኩት እኔ ነኝ እንጂ ማንም አይደለም። አልቶን፣ ኪስህን የበረበርኩትም ለዚህ ነው። አጥፍቻለሁ።”

አልቶን ወንበሩን ሳብ አድርጎ ድንጋዩን ተመለከተ። መቀለዱን ትቶ ነበር፣ እሱ ካልቀለደ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ይቀዘቅዛል።

“ሕጉን ታውቂዋለሽ” አላት።

“ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ።”

“አንድም ከጎደለ ሣጥኑ ዛሬውኑ ይወርዳል። እኔ ስለፈለግሁ አይደለም። አባቴም አባትሽም እንደዚያ ስላሉ ነው።”

“ይወርዳል። ቁልፌንም እጨምርልሃለሁ። ቤትህ ምሰሶ አለው፣ መትቼ አይቼዋለሁ።” ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ እሷንም ገረማት። “መጀመሪያ ግን ይከፈት።”

ሜይናርድና ፍሎይድ ሣጥኑን ከሰሜን ክፍል አምጥተው ምግቡ በተገፋበት በኩል አኖሩት። አልቶን ቁልፉን ከሰዓቱ ሰንሰለት ላይ ፈታ፣ ሎቪና ከአንገቷ አወለቀች። ሁለቱ መቆለፊያዎች ተከፈቱ። ሎቪና እጇን በሽርጧ ጠረገችና በተቀባበሉት ወግ መሠረት ወረቀቱን ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ማንሳትና ስሙን መጥራት ጀመረች፤ ሌሎቹ ደግሞ፣ እንደ ልማዳቸው፣ “አለ” ይላሉ።

ብዙዎቹ ማንም ዛሬ በማያነበው አሮጌ የጀርመንኛ ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ የሚሉትን ግን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ለጦሩ የተሰጠው ስንዴ ደረሰኝ። አለ። የማርግሬታ ለሚያስል ከብት የሚሆን መድኃኒት፣ የመጨረሻውን ቅመም ስም የማትወዳት ጎረቤቷ እንዳታይ ራሷ የሰረዘችበት። አለ። በድልድዩ ሥራ ላይ የሞተው የሄንድሪክ የመጨረሻ ደብዳቤ። አለ። ከዚያ የልደት ወረቀቶቹ፣ ወፎቻቸው ቀለማቸው የደበዘዘ፣ ከዚያ ያልደበዘዙት፣ የሎቪና ራሷ፣ የአልቶን።

“አለ” አለ አልቶን፣ “ወፏ ግን ዶሮ ትመስላለች፣ ሁልጊዜም እላለሁ።”

ኦፓል በክርኗ ወጋችው። ሎቪና አልሳቀችም። የዊልማን የልደት ወረቀት አነሳች፣ ጠራች። “አለ” አሉ። ዊልማ ብቻ አላለችም፤ ዓይኗን ከድንጋዩ አላነቀለችም።

ሣጥኑ እየጎደለ ሄደ። ሥሩ ላይ የቀረው በበፍታ የተጠቀለለው ነበር፤ የመጀመሪያው አባት የዮስት የመሬት ወረቀት፣ መጻፍ ስለማይችል የመጥረቢያ ምልክት የሣለበት። በጥድፊያው ሰዓት ማን በበፍታ እንደጠቀለለው ሎቪና አላስታወሰችም። ባዶ በፍታ ቢሆንስ? ገለጠችው።

መጥረቢያዋ ነበረች።

“የዮስት መሬት” አለች።

“አለ” አሉ ሁሉም፤ ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የአልቶን ድምፅ ነበር።

ሁሉም ድንጋዩን ያዩት ጀመር።

“ምንም አልጎደለም” አለ ሜይናርድ። “እና ይሄስ?”

“የጠረጴዛ ልብስሽን አበላሸው” አለች ኦፓል፣ ድንጋዩን በጣቷ ገፋ አድርጋ። በነጩ ልብስ ላይ፣ ድንጋዩ ከነበረበት ቦታ፣ ክብ እርጥብ ምልክት ቀርቷል።

ሜይናርድ አነሳውና በመዳፉ ገለበጠው። “የዝናብ አይደለም ይሄ። የዝናብ ቢሆን እስካሁን ደርቋል። ይሄ ከውስጥ ነው የሚያወጣው።” አሸተተው። “ይሄ ድንጋይ ዛሬ ጠዋት ወንዝ ውስጥ ነበር።”

ፍሎይድ አንገቱ ድረስ ቀላ። የኮመጠጠ ጎመን ወደ ሳህኑ ጨመረ፣ ሳህኑ ሙሉ ነበር።

ሎቪና እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ አደረገች። ኪሱ እርጥብ ነው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ፣ ዶሮ ስታባርር፣ በሆዷ ስትሳብ፣ ጭኗ ላይ ሲቀዘቅዛት ነበር። ቀና ብላ ልጇን አየቻት። የዊልማን ፊት ገና አፍ ሳትፈታ ጀምሮ ታነባለች፣ ዛሬ ግን ገልብጣ ስታነበው ነበር የዋለችው።

“ሁለቴ ልነግርሽ ሞከርኩ” አለች ዊልማ። “ሁለቴ ዝም በይ አልሽኝ።”

“በረንዳው ላይ ምን ያደርጋል?”

“ፍሎይድ ጠዋት አመጣው። ምድጃው ኋላ ካስቀመጥኩት ታያለሽ። ከቤቴም ካስቀመጥኩት ቅዳሜ ስትመጪ ታያለሽ። ዛሬ ያ ሁሉ ድንጋይ በረንዳው ላይ ተደርድሮ ሳየው፣ ከድንጋይ መሐል አንድ ድንጋይ ማን ያየዋል አልኩ። ፀሐይ ይምታው ብዬ ነው። ማታ ይዤው ልሄድ ነበር።”

“ለምን እንዳላይ?”

“እማ” አለች ዊልማ። ሌላ አልጨመረችም።

መጨመርም አያስፈልጋትም። ሎቪና ሁሉንም ታውቀዋለች። በጣቷ ቆጥራ ልጁ የሚወለደው መንገዱ በረዶ በሚሆንበት ጊዜ መሆኑን ከወዲሁ ደርሳበታለች። ሐኪሙ ያለው ከድልድዩ ወዲያ ነው፤ የፍሎይድ መኪና በብርድ አትነሳም፤ የዊልማ ቤት ደረጃ ጠባብ ነው፣ መደገፊያ የለውም፤ እና ያለፈው ጊዜ፣ ያለፈው ጊዜ፣ ምድጃው ኋላ ያ ባዶ ቦታ። ሁሉም ተሰልፎ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ዊልማ እየጠበቀች ነበር። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነበር።

ሎቪና ዋጠችው። ቀላል አልነበረም።

“ድንጋዩ በፀሐይ ብቻ አይደርቅም” አለች። “ምድጃ ይፈልጋል። የእናንተ ምድጃ ትንሽ ነው፣ እዚህ ይቆይ።”

ዊልማ እናቷን አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ፊቷን በመሐረቧ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለኦፓል እንኳ አልታወቃትም፣ ኦፓል ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣትም።

“ስለዚህ ሣጥኑን አጣሁት ማለት ነው” አለ አልቶን።

“አጣኸው” አለው ሜይናርድ።

“ያለ ቁምነገር ምሰሶ ሳቆም ከረምኩ። እሺ፣ ግን ልብ በሉ፣ ወረቀቱ አልጠፋም፣ ገና አልተጻፈም። ሲጻፍ ወፏን እኔ እሥላለሁ።”

“አንተ ከሣልካት ላም ትሆናለች” አለችው ሎቪና። “ይልቅ ስለ ኮትህ ይቅርታ አድርግልኝ። ሰውን በሰኔ ኮት ስለለበሰ ብቻ መጠርጠር ደግ አይደለም።”

“እኔን ከረሜላዬን መልሺልኝ እንጂ ይቅርታው ቀላል ነው።”

ከረሜላው ሳታስበው በከተተችበት ሽርጧ ኪስ ውስጥ፣ ድንጋዩ ባረጠበው ጨርቅ ርሶ መጠቅለያው ላይ ተጣብቋል። አውጥታ ሰጠችው። አልቶን ከነመጠቅለያው አየው፣ አሰበ፣ ጎረሰው።

እራቱ በርዶ ነበር፣ ግን ሁሉም በላ። ሥጋው አለቀ፣ የእንጆሪው ፓይም ምጣዱ እስኪፋቅ ተበላ። ከዚያ ጠረጴዛው ተጠርጎ ዊልማ ወረቀቶቹን ከመጀመሪያው ጀምራ መለሰቻቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ማንም አላጣደፋትም። እያንዳንዱን በሙሉ ስሙ ጠራች። ሄንድሪክ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ልክ የአያቷን መሰለ፣ ሜይናርድ ቀና ብሎ አያት። የዮስትን መሬት በበፍታው ጠቀለለችና ከሥር ሳይሆን በስህተት ከላይ ልታስቀምጠው ስትል ራሷ አስተዋለች፣ ሁሉንም አውጥታ እንደገና ከሥር ጀመረች። ሎቪና አፏን ከፍታ ሳትናገር መልሳ ዘጋችው። አልቶን ቁልፉን አዞረ፣ ሎቪና የራሷን አዞረች። አልቶን ቁልፉን ሰንሰለቱ ላይ አሰረና ኮቱን ለበሰ፤ ኦፓልም ወደ መኪናው እየሄደች፣ ነገ ማንም ከሌላ ሰው ሳይሰማ ለሸለቆው ሁሉ እንደምትናገር ለዊልማ በጆሮዋ ቃል ገባችላት።

ፒካፑ ወረደ። ሰማዩ ላይ ገና ብርሃን ነበር፤ ከወንዙ በኩል ጭጋጉ ቀስ እያለ መነሳት ጀምሯል። ሜይናርድና ፍሎይድ ሣጥኑን ወደ ሰሜን ክፍል መለሱት።

ሎቪና ድንጋዩን ራሷ ወሰደችው። ምድጃው ኋላ ተንበርክካ አመዱን በእጇ ገለል አድርጋ፣ ያ የድሮው ቦታ ላይ ሳይሆን ከእሱ ትንሽ ፈንጠር አድርጋ፣ የብረቱ ሙቀት በሚደርስበት በኩል አስቀመጠችው። እርጥቡን ጎን ወደ ብረቱ አዞረችው። ስትነሳ ዊልማ ከኋላዋ ቆማለች።

“ምንም አትይም?” አለቻት።

“ምን እላለሁ?”

“እማ፣ አውቅሻለሁ። ሆድሽ ሊፈነዳ ነው። አንድ ፈቅጄልሻለሁ። አንድ ብቻ።”

ሎቪና አሰበች። ደረጃውን አሰበች፣ ድልድዩን፣ በረዶውን፣ የፍሎይድን መኪና። ከሁሉ የትኛው እንደሚብስ ለመምረጥ ተቸገረች።

“ከቀይዋ ላም ኋላ አትቁሚ” አለች በመጨረሻ።

“እሺ።”

“ከጎኗም —”

“አንድ ነው ያልኩት።”

“እሺ” አለች ሎቪና።

ዊልማና ፍሎይድ ስመዋቸው ወጡ። ሎቪና መኪናዋ እስክትነሳ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ቆመች፤ በመጀመሪያው ተነሳች። ከዚያ ወደ ሰሜን ክፍል ሄደች። ሣጥኑ በቦታው ነበር። አንዴ ክዳኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። በሩ እርጥበት ስላሳበጠው እንደ ሁልጊዜው አልገጥም አለ፤ ሜይናርድ ከመኝታ ቤት ሆኖ፣ “ግፊው” አላት። በትከሻዋ ገፋችው፣ እምቢ አለ፤ ደግማ በሙሉ ሰውነቷ ገፋችው፣ ገጠመ። የበሩን ቁልፍ አዞረች። መቆለፊያው ጠቅ አለ።